ስሙ ይቆይ፤ ቦታውና ቀኑ ይቅደም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ክበብ አቋቁመን፣ በጣና ዳርና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የምናያቸውን የውሃ ተርቦች መመዝገብ ጀምረናል። ስማቸውን ግን አናውቅም። ደብተራችን ላይ «ቀይ፣ ትልቅ»፣ «ሰማያዊ፣ ቀጭን» እያልን ነው የምንጽፈው። እንዲህ ያለ መዝገብ ለሰው ይጠቅማል? ወይስ ስማቸውን መለየት እስክንችል ብናቆየው ይሻላል? ናሙና ይዘን አልኮል ውስጥ ማስቀመጥስ አለብን? የአንዷን ፎቶና የደብተራችንን አንድ ገጽ ልኬያለሁ።

መልስ፦

መምህር፣ እባክዎ አያቁሙ። ስም አለማወቅ ካለባችሁ ችግር ሁሉ ትንሹ ነው። የላኩልኝን ገጽ አየሁት። «ቀይ፣ ትልቅ» የሚለው ምንም አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ከጎኑ ያለው ነው፦ «12/1/2016፣ 3 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር»። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፍጥረቱ ትንሽ ልበል። «የውሃ ተርብ» የሚለው ስም ጣጣ አለው። ተርብ ሲባል ሰው የሚናደፍ ይመስለዋል። አይናደፍም፤ መርዝም መንደፊያም የለውም። ትልቁን በእጅዎ ቢይዙት ጣትዎን ለመንከስ ይሞክር ይሆናል፣ በቃ። እኛ ሰፈር በልጅነታችን «ሄሊኮፕተር» ነበር የምንለው። አበራረሩን ላየ ሰው ይሄኛው ስም ሳይሻል አይቀርም። አራቱን ክንፎች ለየብቻ ያንቀሳቅሳል፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲያሻው ወደ ኋላም ይበራል።

በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ወደ መቶ ገደማ ናቸው። ፈረንጆቹ ድራጎንፍላይ የሚሉት ደልደል ያለውን፣ ሲያርፍ ክንፉን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ነው። ዳምዘልፍላይ የሚሉት ደግሞ እንደ ስንደዶ የቀጠነውን፣ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ክንፉን ጀርባው ላይ የሚያጥፈውን ነው። እኔ እዚህ «ወፍራሞቹ» እና «ቀጫጭኖቹ» እላቸዋለሁ። ክንፉ ካደናገራችሁ ዓይኑን እዩ። የቀጫጭኖቹ ዓይኖች እንደ መዶሻ ጫፍ ግራና ቀኝ ተራርቀው ነው ያሉት። የወፍራሞቹ ትልልቅ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም አናት ላይ ይገናኛሉ ወይም ይቀራረባሉ። ለመጀመሪያው ወር ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት ብቻ ቢይዙ ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ደብተሩ። አንድ ምዝገባ አራት ነገር ይፈልጋል፦ ማን አየ፣ ምን አየ፣ የት አየ፣ መቼ አየ። ከአራቱ «ምን» የሚለው በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ፎቶ ካለ የሚያውቅ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላም ስሙን ይሞላላችኋል። «የት» እና «መቼ» ግን አንዴ ካመለጡ አመለጡ። የትኛውም ባለሙያ ፎቶ አይቶ «ይሄማ ጥቅምት ላይ የተነሳ ነው» ሊላችሁ አይችልም።

እስቲ 12/1/2016 የሚለውን ከሌላ አገር ሰው ዓይን እንየው። ተማሪዎ መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለቱ ነው። እንግሊዛዊ ሲያነበው ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 ይሆናል። አሜሪካዊ ሲያነበው ዲሴምበር 1 ቀን 2016። ትክክለኛው በነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 23 ቀን 2023 ነበር። ክረምቱ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የታየ ነፍሳት በጋ መሃል ገባ፣ ያውም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ። «3 ሰዓት» የሚለውም ያው ነው። ለኛ ፀሐይ ሞቅ ማለት የምትጀምርበት ነው። ለውጭ ሰው ግን ወይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ወይ ከቀኑ 9 ሰዓት። ቀን የሚበር ነፍሳት ሌሊት ታየ የሚል መዝገብ ያጋጠመው ገምጋሚ፣ ያንን አንድ መስመር ብቻ አይደለም የሚጠራጠረው። ደብተሩን በሙሉ ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ሥራውን ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ በየወንዙ ዳር ዞሬ ሁለት ደብተር ሞላሁ። ከውጭ ሰዎች ጋር ስወጣ በፈረንጅ ቀን እጽፋለሁ፣ ብቻዬን ስሆን በኛ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ምልክት አላደረግኩም። ዓመቱን ሽፋኑ ላይ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ኋላ ኮምፒውተር ላይ ላሰፍር ስቀመጥ 4/2 ጥቅምት 4 ይሁን ፌብሩዋሪ 4 ራሴው ጸሐፊው ጠፋኝ። በእርግጠኝነት የዳኑት ጳጉሜን ላይ የመዘገብኳቸው ናቸው። ከሁለቱ 13ኛ ወር ያለው የኛው ብቻ ነዋ! የቀረውን አብዛኛውን ጣልኩት።

ስለዚህ ወሩን በቁጥር አትጻፉ፣ በስሙ ጻፉት። በየገጹ አናት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር አስፍሩ፦ መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሥሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2023። ሰዓቱንም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ። የስልክ ፎቶ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይይዛል። ግን የስልኩ ቀንና ሰዓት በትክክል መስተካከሉን ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሰው ይመልከት።

«ሐይቁ ዳር» የሚለው ሌላው ጉድ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የትኛው ዳር? ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ የቆማችሁበትን ነጥብ ለጥቂት ሰከንድ ጫን ስትሉ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል። ለባሕር ዳር ከተማ ወደ 11.59 እና 37.39 አካባቢ ነው። ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ከያዛችሁ አሥር ሜትር ገደማ ድረስ ልክ ናችሁ፤ ከዚያ በላይ አትጨነቁ። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። ሁለቱን ቁጥሮች ብታገላብጧቸው ነጥቡ በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል ሜዲትራኒያን ላይ ያርፋል። ባሕር ዳር የነበረው ባሕር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቀልድ እንዳይመስልዎት፣ እንዲህ ያሉ የሰመጡ ነፍሳት በየመረጃ ቋቱ አሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ከቁጥሩ ጎን የቦታውን ስም በቃል መጻፍ ነው፦ «ከድልድዩ በላይ፣ በስተ ግራ፣ ደንገሉ የሚጀምርበት»። ቁጥሩ ቢሳሳት ቃሉ ያርመዋል።

ስሙ ይቆይ ያልኩበትን ምክንያት በአንድ ነፍሳት ላሳይዎት። በሐይቅ ዳር ሣር ላይ ሲራመዱ ከእግርዎ ሥር ብድግ የሚል፣ ሁለት ሦስት ሜትር ሄዶ መሬት ላይ የሚለጠፍ፣ ሲሄዱ ደግሞ ተነስቶ የሚከተልዎት ጠቆር ያለ የውሃ ተርብ አለ። አንዳንዴ አሥርና ሃያ ሆነው ነው የሚያጅቡት። ወንዱ ክንፎቹ ላይ ጥቁር መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ሰው ወዶ አይደለም የሚከተለው። እግራችን ከሣሩ የሚያስነሳቸውን ጥቃቅን ነፍሳት ለመልቀም ነው። ከብትም ሲያልፍ ይከተላል። የሳይንስ ስሙ ብራኪቴሚስ ሊውኮስቲክታ ነው ይባል ነበር። ለረጅም ጊዜ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ እስከ ሜዲትራኒያን ያለው ሁሉ በዚህ አንድ ስም ነበር የሚመዘገበው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ግን ሁለት ዝርያዎች መሆናቸውን አሳየ። ሁለተኛው ብራኪቴሚስ ኢምፓርቲታ ነው። ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዷ የክንፉ ጫፍ አጠገብ ያለችው ትንሽ ባለ ቀለም ሳጥን ናት። በኢምፓርቲታ ሳጥኗ ሁለት ቀለም አላት፣ በሊውኮስቲክታ አንድ ወጥ ናት። እንግዲህ አስቡት። ከ2009 በፊት «ሊውኮስቲክታ» ብሎ ስሙን ብቻ በኩራት የጻፈ ሰው መዝገቡ ዛሬ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። «ጥቁር መቀነት ያለው፣ ተከተለን» ብሎ ጽፎ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ያያያዘው ተማሪ ግን መዝገቡ እንዳለ ነው። ፎቶውን አይቶ ስሙን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ ፎቶ። አንድ ነፍሳት፣ ሦስት ፎቶ። አንዱ ከጎን፣ ደረቱ ላይ ያሉት መስመሮች እንዲታዩ። አንዱ ከላይ፣ ክንፉ ከነጫፉ እንዲገባ። ሦስተኛው የጅራቱን ጫፍ አቅርቦ። ወንዱ ሴቷን አንገቷ አካባቢ የሚቆነጥጥባት መቆንጠጫ እዚያ ነው ያለው። ቅርጿ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ በተለይ ቀጫጭኖቹን ብዙ ጊዜ ያለ እሷ መለየት አይቻልም። ተራ ስልክ ይበቃል። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ አንሱ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ተጠግታችሁ ሌላ፣ እንዲያ እያላችሁ ቅረቡ። ጥላችሁ ካረፈበት ይሄዳል። ቢሄድም አትሩጡ። ብዙዎቹ የሚወዱት እንጨት አላቸው፤ ዞረው እዚያው ይመለሳሉ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከሩጫ ይሻላል፣ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ማስረዳት ቢያቅተኝም።

«ቀይ፣ ትልቅ» ያላችሁትን እንየው። በሐይቅና በኩሬ ዳር ቀይ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሦስት አራት ናቸው። ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ፣ ከራስ እስከ ጅራት በርበሬ የመሰለ፣ ጥቁር የሌለበት ከሆነ ክሮኮቴሚስ ኤሪትሬያ ሊሆን ይችላል። ስሙ የኤርትራ ማለት ይመስላል፣ ግን በግሪክኛ ቀይ ማለት ነው፤ አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ቃል፣ ከቀይ ባሕር የግሪክ ስም ነው። ቀጠን ያለ ሆኖ የሆዱ ጎንና ጫፍ ላይ ጥቁር ካለበት ትሪቴሚስ አርቴሪዮሳን ጠርጥሩ። ወደ ሐምራዊና ሮዝ የሚያደላ ከሆነ ትሪቴሚስ አኑላታ ይሆናል። የክንፎቹ ሥር ሰፊ ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ትሪቴሚስ ኪርቢ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለጎልማሳ ወንድ ብቻ ነው። ሴቶቹና ገና ለጋ የሆኑት ወንዶች ቢጫ ወይም ቡናማ ናቸው። በሁለት ሳምንት ልዩነት ያው ነፍሳት ደብተራችሁ ላይ «ቢጫ» እና «ቀይ» ሆኖ ሊገባ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ቀይ፣ ፎቶ ቁጥር 14» በሉና እለፉ። የተገመተ ስም ከባዶ ቦታ የባሰ ነው።

ከስም በላይ ጉልበታችሁን የምታፈሱበት ነገር ልንገርዎት። አንድ መንገድ ምረጡ። ሦስት መቶ ሜትር ይበቃል። መነሻና መድረሻው በዛፍ ወይም በድንጋይ ይታወቅ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ሂዱ። ያያችሁትን ሁሉ ቁጠሩ። ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ደመና ወይም ነፋስ እንደነበረ ጻፉ። ምንም ካላያችሁ «ምንም አላየንም» ብላችሁ ጻፉ። ተማሪዎች ይህችን አይወዷትም፣ ባዶ እጅ የመመለስ ያህል ይሰማቸዋል። ግን አንድ ነገር መቼ እንደጠፋ የሚታወቀው ባዶው ቀን ከተጻፈ ብቻ ነው። አለበለዚያ እናንተ አልሄዳችሁም ይሁን እሱ አልነበረም ማን ያውቃል?

በየጊዜው አዲስ ቦታ መሄድ ደስ ይላል፣ አልከለክልም። ነገር ግን ሰው ደስ ባለው ቦታ ብቻ እየሄደ ሲመዘግብ ካርታው ነፍሳቱ ያሉበትን ማሳየቱ ይቀርና መንገድ፣ ሆቴልና ትምህርት ቤት ያለበትን ያሳያል።

የዚህ ዓይነት ትዕግሥት የት እንደሚያደርስ ከታላቋ ብሪታንያና ከአየርላንድ ማየት ይቻላል። እዚያ ያለው የውሃ ተርብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቋመ። በ2021 ያወጣው ሪፖርት የተመሠረተው ከ1970 ወዲህ በተሰበሰቡ 1.4 ሚሊዮን ምዝገባዎች ላይ ነበር። መዝጋቢዎቹ 17,000 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ እንደ እናንተ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው። ከ40 በመቶ በላይ ዝርያዎች እየተስፋፉ፣ 11 በመቶ ገደማ እየቀነሱ መሆናቸው ታየ። ከተስፋፉት አንዱ አናክስ ኢምፔራቶር የተባለው ትልቁ ሰማያዊ ነው። እሱ እኛም ዘንድ ይበራል። ያ ትሪቴሚስ ኪርቢ ያልኩት የአፍሪካ ቀይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ስፔን ገብቶ ተገኘ። አየሩ ሲሞቅ ወደ ሰሜን የሚሄዱት የኛ ጎረቤቶች ናቸው። እነሱ ሲደርሱ የሚያይ ሰው አላቸው። ሲነሱ የሚያይ ግን እዚህ ስንት አለን?

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትምህርት ቤቶች የውሃ ተርብ ሲመዘግቡ ቶሎ የሚደርሱበት ድምዳሜ አለ፦ «ብዙ ካለ ውሃው ንጹሕ ነው»። ይህ በግማሽ እውነት ነው። የቆሸሸ ኩሬ የማይከብዳቸው ዝርያዎች አሉ፤ እንዲያውም እነዚያ ብቻቸውን ሲቀሩ ቁጥራቸው ይበዛል። የሚናገረው ስንት አየን የሚለው ሳይሆን የትኞቹን አየን የሚለው ነው። በደቡብ አፍሪካ ለእያንዳንዱ ዝርያ ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ። የትም የሚገኘውና ማንኛውንም ውሃ የሚችለው ወደ 0፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ያለው፣ የሚያሰጋውና ለውጥ የማይችለው ወደ 9 ይጠጋል። በኛ አገር ከፍ ያለ ነጥብ ሊሰጣቸው የሚገባው በደጋ ጅረት የሚኖሩት ናቸው። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ወደ አሥር የሚሆኑ ዝርያዎች አሉን፤ አብዛኞቹ የደጋ ውሃ ልጆች ናቸው። ዙሪያቸው ቆላና በረሃ ስለሆነ እንደ ደሴት ተነጥለው ቀሩ። ፕሴውዳግሪዮን ካፊነም የምትባለው ቀጭን ስሟን ከካፋ ነው ያገኘችው። ስለዚህ በዓመት አንድ ሁለቴ ከሐይቁ ወጥታችሁ ዛፍ ያልተመነጠረበት የደጋ ጅረት ብትሄዱ ወጪው አያስቆጭም። ሐይቁ ላይ ደግሞ እንቦጩን አትርሱ። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መንገዳችሁ ላይ ምን ያህሉን እንደሸፈነ በየጉብኝቱ በግምት ጻፉ፤ ደንገሉ ባለበት፣ እንቦጩ በወረረውና ከብት በረገጠው ዳር የምታዩት አንድ ላይሆን ይችላል።

ወደ አልኮሉ ልምጣ። አይ፣ አትግደሉ። ለእናንተ ሥራ አያስፈልግም። አንዳንድ ዝርያ ያለ ናሙና አይለይም፣ እውነት ነው። ያ ግን ፈቃድ ያለው ተመራማሪ ሥራ ነው፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለማየት ያህል በመረብ መያዝ ግድ ከሆነ አራቱንም ክንፎች ጀርባው ላይ አንድ ላይ አጥፋችሁ በሁለት ጣት በቀስታ ያዙት፣ ፎቶ አንሱ፣ ልቀቁት። ክንፉ የሚያብረቀርቅና ለስላሳ የሆነውን ለጋ ግን ጨርሶ አትንኩት። ያ ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው፤ ከታጠፈ በኋላ አይቃናም።

መሰብሰብ ለሚወድ ልጅ የተሻለ ነገር አለ። በጠዋት ውሃው ዳር ያለውን ፊላና ደንገል ግንዱ ታችኛው ክፍል ላይ ፈልጉ። ቡናማ፣ ባዶ፣ ሸረሪት የመሰለ ልጣጭ በስድስት እግሩ ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ጀርባው ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ነጫጭ ክሮች ይንጠለጠላሉ፤ ውሃ ውስጥ ያደገው የውሃ ተርብ እጭ ይተነፍስባቸው የነበሩት ቱቦዎች ሽፋን ናቸው። ገልብጣችሁ ፊቱን ብታዩት ከአገጩ ሥር የታጠፈ ክንድ አለ። ይህን ክንድ ወንጭፎ ነው ውሃ ውስጥ ሳለ ትንንሽ ዓሣና የወባ ትንኝ እጭ እየያዘ ይበላ የነበረው። ሌሊት ወይም ማለዳ ከውሃ ወጥቶ፣ ልብሱን አውልቆ ሄዷል። ይህ ልጣጭ ከማንኛውም ፎቶ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። የሚበር የውሃ ተርብ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ልጣጩ ግን «እዚህ ነው ያደግኩት» ይላል። ክብሪት ሳጥን ውስጥ ከነቀኑና ከነቦታው አስቀምጡት። አልኮል አይፈልግም፣ አይሸትም፣ ማንንም አልገደላችሁም።

ከሌላ ቦታ መጥቶ ካልኩ አይቀር ስለ አንዱ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ዝናብ ሲቃረብ ወይም ሲያባራ የትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ በመንጋ የሚያንዣብብ፣ ቢጫ ወርቃማ፣ አላርፍ የሚል አለ። ሲያርፍም ቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ፓንታላ ፍላቬሰንስ ይባላል። ክብደቱ ግማሽ ግራም አይሞላም። ቻርልስ አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ ማልዲቭስ ላይ ሲኖር እነዚህ በየዓመቱ ከኦክቶበር ጀምሮ በመንጋ ሲደርሱ ያያል። ደሴቶቹ ላይ የሚራቡበት ኩሬ የለም። ታዲያ ከየት መጡ? ዓመታት ቀናቸውን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው መልስ ይህ ነው፦ ከሕንድ ተነስተው ነፋስ ይዘው ሕንድ ውቅያኖስን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይሻገራሉ፤ ዙሩን የሚጨርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ ደርሶ መልሱ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ2012 የወጣ የክንፍ ኬሚስትሪ ምርመራም ማልዲቭስ የደረሱት ከሰሜን ሕንድ አካባቢና ከዚያ ባሻገር የተነሱ መሆናቸውን አመለከተ። የነገሩ መነሻ ደብተርና ቀን ነው። እና መምህር፣ ለክበባችሁ አንድ ሥራ ልስጥ፦ በየዓመቱ ኳስ ሜዳው ላይ መጀመሪያ የታዩበትን ቀንና የመጨረሻውን ቀን ጻፉ። የፊፋ ሕግ አይከለክልም።

ልጆቹ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ይህን በትልቁ ጻፉት። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ መውጫው አካባቢ ጉማሬ አለ። ለውሃ ተርብ ምዝገባ ጫማ ማውለቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም፤ ሁሉም ወደ ዳር ይመጣሉ።

መዝገቡን ወዴት? ደብተሩ እንዳለ ሆኖ፣ አይናቹራሊስት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነጻ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ፎቶውንና ነጥቡን ይይዛል፣ ቤት ስትደርሱ ትጭኑታላችሁ። ስሙን ካላወቃችሁ «ኦዶናታ» ብላችሁ ብቻ ጫኑ፤ ያ የመላው ወገን ስም ነው። ሌሎች አይተው ስም ያቀርባሉ፤ በቂ ሰው ሲስማማ መዝገቡ ተመራማሪዎች ወደሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ቋት ያልፋል። መተግበሪያው ራሱ የሚገምተውን ስም ግን በጭፍን አትቀበሉ። ከኛ አገር የተጫነ ፎቶ ጥቂት ስለሆነ የአውሮፓ ዝርያ ሊሰጣችሁ ይችላል። ለማመሳከር «አፍሪካን ድራጎንፍላይስ ኤንድ ዳምዘልፍላይስ ኦንላይን» የተባለው ድረ ገጽ አለ፤ የአፍሪካ ዝርያዎችን ከነፎቶና ከነመለያ ይዟል። የልጆቹን ስምና የቤታቸውን አካባቢ ግን የትም አትጫኑ። እርስዎ ባሉበት የተነሳውን በእርስዎ አካውንት ይጫኑ።

የላኩልኝ ፎቶ ላይ ያለችው «ሰማያዊ፣ ቀጭን» ጥቁር ሆና ጅራቷ ጫፍ ላይ ሰማያዊ መብራት የበራባት ትመስላለች። ኢስክኑራ ከተባለው ወገን ናት። ምናልባት ከአፍሪካ እስከ እስያ የተስፋፋችው ኢስክኑራ ሴኔጋለንሲስ ትሆናለች፣ ግን ኢስክኑራ አቢሲኒካ የምትባል የኢትዮጵያ ብቻ የሆነች እህት አለቻት። ፎቶው ከላይ ብቻ ስለተነሳ ከዚህ አላልፍም። ቅዳሜ ፀሐይ ከወጣ እዚያው ቦታ ተመለሱ፣ ከጎንና ከጅራቷ ጫፍ አንሱና ላኩልኝ። ቀኑን ወሩን በስሙ ጽፋችሁ።